ልብሽ በተቆጣ ሰዓት አትናገሪ

ድሬዳዋ

ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ በስልክ ስንነጋገር ሁለታችንም ስለምንቸኩል ነው።

ባንኮክ ከገባሽ ወዲህ ከቤት አከራይሽ ጋር ወደ ቡድሃ ገዳም እየሄድሽ ትምህርታቸውን እንደምታዳምጪ አክስትሽ ሰምታ፣ «ልጅቷ ማተቧን ልትበጥስ ነው» እያለች ቤቱን በለቅሶ ሞልታዋለች። እኔን ያሳሰበኝ ግን እሱ አይደለም። የሌላውን ሃይማኖት ማወቅ የራስን እንደማያስጥል፣ የአዛንና የቅዳሴ ድምፅ አንድ ላይ እየሰማሽ ያደግሽ ልጅ ታውቂዋለሽ። ያሳሰበኝ ለወንድምሽ የተናገርሽው ቃል ነው። ያበደርሽውን ገንዘብ በቀጠሮው ስላልመለሰ «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም» ብለሽዋል። ገንዘቡን መጠየቅ መብትሽ ነው፤ ጥፋቱም የእሱ ነው፤ ይህንኑ ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። ነገር ግን፣ ልጄ፣ ልብሽ በተቆጣ ሰዓት አትናገሪ።

አንቺ የምትሰሚውን ለማወቅ ብዬ እኔም ማንበብ ጀምሬአለሁ። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ቡድሃ ለገዛ ልጁ ለራሁላ የሰጠው ምክር ነው። ራሁላ አባቱ ሲመጣ መቀመጫ አዘጋጅቶ የእግር ውኃ አቀረበለት። ቡድሃም እግሩን ከታጠበ በኋላ በዕቃው ውስጥ ጥቂት ውኃ አስቀረና፣ እያወቀ ለመዋሸት የማያፍር ሰው ምንኩስናው ይህችን ያህል ጥቂት እንደሆነ ነገረው፤ ቀጥሎ ውኃውን ደፋው፣ ዕቃውን ገለበጠው፣ በመጨረሻም ባዶነቱን አሳየው። ከዚያም ማንኛውንም ነገር ከማድረግህ፣ ከመናገርህና ከማሰብህ በፊት፣ እያደረግህም ሳለ፣ ካደረግህም በኋላ፣ ራስህን ወይም ሌላውን ይጎዳ እንደሆነ መርምር አለው። የህንዱ ንጉሥ አሾካ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በድንጋይ ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ፣ መነኮሳትም ሆኑ ምእመናን ደጋግመው እንዲሰሟቸው ከጠቀሳቸው ትምህርቶች አንዱ ይኸው ለራሁላ የተሰጠው ምክር ነው።

የቡድሃ ተከታዮች «ቀና ንግግር» የሚሉት ትምህርት ሰው ከ4 ነገሮች እንዲቆጠብ ይጠይቃል፤ ከውሸት፣ ሰውን ከሰው ከሚለያይ ወሬ፣ ከሻካራ ቃልና ከከንቱ ልፍለፋ። አንቺ «ወንድም የለኝም» ስትዪ ሻካራ ቃል ብቻ አልተናገርሽም፤ ዋሽተሻልም። ወንድም አለሽ። ለማሰላሰል ዐይንን ጨፍኖ መቀመጡ መልካም ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ትምህርቱ ገብቶሽ እንደሆነ የማየው ስልኩን ስታነሺ ነው።

የአያትሽንና የታናሽ ወንድሙን ነገር ከፊሉን ታውቂዋለሽ። ሁለቱም በምድር ባቡር ጋራዥ አብረው የሠሩ፣ ከአንድ ትሪ የበሉ ሰዎች ነበሩ። በእናታቸው ለቅሶ ላይ የቤቱ ነገር ሲነሣ አጎቴ በሐዘንተኛው ሁሉ ፊት «አንተ የእናቴ ልጅ አይደለህም» አለው። ከዚያ ወዲህ አባቴ ከዚራ ሰፈር፣ አጎቴ መጋላ ሰፈር፣ የደቻቱን ወንዝ በመካከላቸው አድርገው ሳይነጋገሩ ኖሩ። በ1998 ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በገደለ ጊዜ፣ አባቴ ሲነጋ ጭቃውን እየረገጠ ወንድሙን ፍለጋ ወጣ፤ እኔም ተከተልሁት። አጎቴን ከአንድ ጎረቤት ደጃፍ እርጥብ ልብሱን እንደለበሰ ቆሞ አገኘነው። አባቴ ጋቢውን ከትከሻው አወረደ፤ ለወንድሙ ግን አልሰጠውም፤ ለእኔ ሰጠኝ። እኔ ጥቂት እርምጃ ተራምጄ ለአጎቴ አደረስሁ። አጎቴም ጋቢውን በደረቱ ላይ እንደያዘ፣ አባቴ እየሰማው፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ በለው» አለኝ። ይዋደዱ ነበር፤ በዐይናቸው አይቼዋለሁ። አባቴ ባረፈ ጊዜ አጎቴ አስከሬኑ ላይ ተደፍቶ የለመነውን ይቅርታ የሰማነው እኛ ነን እንጂ እሱ አይደለም። ስለዚህ ደግሜ እልሻለሁ፤ በቁጣሽ ሰዓት አትናገሪ።

ወንድምሽም ክፉ ቃል እንደመለሰልሽ አውቃለሁ። ቡድሃን አንድ ሰው መጥቶ በሰደበው ጊዜ፣ «እንግዳ ሲመጣብህ ምግብ ታቀርባለህን? እንግዳው ባይቀበልህስ ምግቡ የማን ይሆናል?» ሲል ጠየቀው። ሰውየውም «የእኔው» አለ። ቡድሃም ስድቡን አልተቀበልሁህም፤ ስለዚህ የአንተው ነው አለው። አንቺም የወንድምሽን ስድብ አትቀበዪው፤ አታመላልሺው።

አሁን የምልሽን አድርጊ። የእናንተ ሰዓት ከእኛ በ4 ሰዓት ስለሚቀድም፣ አንቺ ማታ ደክመሽ ስትደውዪ እሱ ሱቁ ደንበኛ የሞላበት ጊዜ ነው። እሑድ በእናንተ ከቀኑ 8 ሰዓት ደውዪለት፤ እዚህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፤ ከቅዳሴ ተመልሶ ቡና እየጠጣ ታገኚዋለሽ። አስቀድመሽ ጤናውን ጠይቂ። ስለ ገንዘቡ ስታነሺ ቡድሃ መልካም ንግግር ይታወቅባቸዋል ያላቸውን ጠብቂ፤ በጊዜው ይነገር፣ እውነት ይሁን፣ ለስላሳ ይሁን፣ የሚጠቅም ይሁን፣ ከበጎ ልብ ይውጣ። በየወሩ ስንት ሊከፍልሽ እንደሚችል ይንገርሽና ተስማሙ፤ እኔ ምስክር እሆናለሁ። ቁጣው ከመጣብሽ «በኋላ እደውላለሁ» ብለሽ ዝጊው እንጂ አትናገሪ፤ አደራ።

ፓስፖርትሽ ሊያልፍበት 6 ወር ሳይቀረው ለማሳደስ ጀምሪ። የእናትሽን መድኃኒት የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ላኪልን። አክስትሽን እኔ አረጋጋታለሁ፤ አንቺ ግን ማተብሽን አንገትሽ ላይ እንዳለ ፎቶ አንስተሽ ላኪላት፤ ደስ ይላታል።

አባትሽ