ስለተዘነጉት የሴጋ ጌሞች

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፦

በፒያሳና በአራት ኪሎ ስለ ድሮ ጌሞች ሲወራ ከ«ሶኒክ» ሌላ ስም እምብዛም ስለማይነሣ፣ የሴጋ ሜጋ ድራይቭ ጌም ማጫወቻ ወዳጆች «ፐልስማን»ን እንዲሞክሩት ከልብ እጠይቃለሁ። ኋላ ፖኬሞንን የሠራው ጌም ፍሪክ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1994 በጃፓን የወጣው ይህ ጌም፣ ጀግናው በሩጫ ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ ራሱን እንደ መብረቅ የሚወረውርበት ነው፤ ያ ቅጽበት ዛሬም ልቤን ይሞላዋል። «ሪስታር» የተባለው ሌላው የሜጋ ድራይቭ ጌምም ሊታለፍ አይገባውም።

ማጫወቻው የሌለው ሰው በማጫወቻው ውስጥ ያሉትን የሞቶሮላ 68000 እና የዚ80 ፕሮሰሰሮች አሠራር በሶፍትዌር የሚያስመስል ኢሙሌተር በተራ ኮምፒውተር ላይ መጫን ይችላል። ሲመርጥ ግን ከፍጥነቱ ይልቅ የድምፁን ጥራት ይመልከት፤ የማጫወቻውን ሙዚቃ የሚያመነጨው የያማሃ ዋይኤም2612 ቺፕ በትክክል ካልተመሰለ የእነዚህ ጌሞች ሙዚቃ ለዛውን ያጣልና።

አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ