ከሳቫና ወንዝ ማዶ

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤውን የሚያነብልዎት የእህቴ ልጅ ስለሆነ አስቀድሜ እርሱን ላስጠንቅቀው፤ አንተ ልጅ፣ አትቸኩል፤ አያትህ «ድገመው» ካሉህ ሳትነጫነጭ ድገምላቸው።

ባለፈው በስልክ «የምትኖርበት አገር ሰላም ነው ወይ?» ሲሉኝ «ሰላም ነው» ብዬ አለፍኩት። አልዋሸሁም፤ ዛሬ ሰላም ነው። ነገር ግን እርስዎ ስለ አንድ አገር ሲጠይቁ ማን ሞተ፣ ማን ገደለ፣ ማን ዳኘ ማለትዎ እንደሆነ ከልጅነቴ አውቃለሁ። የቀረውን በጽሑፍ ልሙላው።

ያለሁት አሜሪካ፣ ጆርጂያ በሚሉት ግዛት ውስጥ ኦገስታ በምትባል ከተማ ነው። ከከተማዋ ጫፍ የሳቫና ወንዝ ያልፋል፤ ድልድዩን ሲሻገሩ ደቡብ ካሮላይና የሚሉት ሌላ ግዛት ይጀምራል። በጭነት መኪናዬ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ እሻገረዋለሁ። ከድልድዩ ማዶ፣ ወንዙ ዳር፣ ሐምበርግ የምትባል ከተማ ነበረች። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1821 ተቆረቆረች፤ በ1833 ከባሕሩ ዳር እስከ እርሷ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ በጊዜው ከዓለም ረጅሙ ነበር። ሰሜኖቹና ደቡቦቹ የተዋጉበት፣ ባርነትን የሻረው የእርስ በርስ ጦርነት በ1865 ሲያበቃ፣ ንግዱ ጥሏት የሄደውን ከተማ ነፃ የወጡት ጥቁሮች ገቡባት። የራሳቸውን ምክር ቤት፣ የራሳቸውን ፖሊስ፣ የራሳቸውን ዳኛ አቆሙ።

ስለ ዳኛው ነው የምነግርዎት። ፕሪንስ ሪቨርስ ይባላል። ባሪያ ሳለ የጌታውን ሠረገላ ይነዳ ነበር። በ1862 አምልጦ ወደ ሰሜኖቹ ጦር ገባ፤ ከነፃ ከወጡ ባሪያዎች በተቋቋመ ክፍለ ጦርም ሰንደቅ ዓላማ ያዥ ሳጅን ሆነ። በኋላ የግዛቱ ምክር ቤት አባል ሲሆን፣ ኤይከን የምትባለው አውራጃ በ1871 ስትቋቋም ካቋቋሟት አንዱ እርሱ ነው። በሐምበርግ ደግሞ ትናንሹን ክርክር የሚሰማ ዳኛ ነበር፤ እርስዎ በቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ዋርካው ሥር ተቀምጠው እንደሚሰሙት ያለውን።

በ1876 ጁላይ 4 ቀን፣ አገሪቱ ነፃ የወጣችበትን 100ኛ ዓመት ስታከብር፣ የሐምበርግ ጥቁር ሚሊሻዎች በዋናው መንገድ ላይ ሰልፍ ይለማመዱ ነበር። ሚሊሻ ስል ሽፍታ እንዳይመስልዎ፤ የግዛቱ መንግሥት ያስታጠቃቸው፣ ዶክ አዳምስ የሚባል ካፒቴን የሚያዛቸው ናቸው። ሁለት ነጭ ወጣቶች በፈረስ ጋሪ መጡና በሰልፉ መሐል ካላለፍን አሉ። መንገዱ ሰፊ ነው፤ በግራም በቀኝም ማለፊያ ነበረው። ጥቂት ከተጨቃጨቁ በኋላ አዳምስ ሰልፉን ከፍሎ አሳለፋቸው። ጠቡ ይኸው ነው። የአንዱ ወጣት አባት ግን ሪቨርስ ዘንድ ሄዶ «መንገድ ዘጉብን» ብሎ ከሰሰ።

እርስዎ ቢሆኑ ሁለቱንም በአንድ ጠዋት አስማምተው፣ ጠላ አስቀድተው ይሸኟቸው ነበር። ሪቨርስም ሞክሯል። ጉዳዩ ለጁላይ 8 ሲቀጠር ከሳሾቹ ያቆሙት ጠበቃ ማቲው በትለር ነበር፤ የደቡቦቹ ጄኔራል የነበረ፣ አንድ እግሩን በጦርነቱ ያጣ ሰው። (የደቡቦቹን ጄኔራሎች ነገር ካነሳሁ አይቀር፦ ዓመቱ በእኛ 1868 መሆኑ ነው። ከወራት በፊት በየካቲት ዐፄ ዮሐንስ ጉራ ላይ የግብፅን ጦር ሲሰብሩ፣ በግብፆቹ በኩል ከአዛዡ ቀጥሎ የነበረው ዊልያም ሎሪንግ የተባለ የእነዚሁ የደቡቦቹ ጄኔራል ነበር። ይህን ሳነብ እርስዎ ትዝ አሉኝ፤ ጉራን ሲተርኩ ከወንበርዎ ይነሱ ነበርና።) ጠበቃው የክስ ወረቀት ብቻ ይዞ አልመጣም። ከጎረቤት አውራጃ ከኤጅፊልድ የተጠራ ታጣቂ ከተማዋን ሞላት። በትለር ክርክሩን ትቶ «ሚሊሻዎቹ ጠብመንጃቸውን ለእኔ ያስረክቡ» አለ። ሹመት የለው፣ ትእዛዝ የለው። እንዲህ ያለ ጠበቃ ችሎትዎ ቢቀርብ ምን ይሉት እንደነበር መገመት አያቅተኝም። ሪቨርስ ግን በቅርቡ መቶ ያህል ጠብመንጃ ቆሞበት፣ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው እየተመላለሰ ሲለምን ዋለ።

ሚሊሻዎቹ እምቢ ብለው መሣሪያቸውን በሚያኖሩበት የጡብ ቤት ተዘጉ። ተኩስ ተከፈተ። ከከበቡት በኩል ማኪ ሜሪዌዘር የሚባል ነጭ ወጣት ወደቀ። እኔ ከምኖርባት ከኦገስታ ደግሞ መድፍ ተጎትቶ ድልድዩን ተሻገረ። ያን ካነበብኩ ወዲህ ድልድዩ ላይ ስደርስ ነዳጅ መርገጥ ይከብደኛል።

ሲጨልም የተዘጉት በጓሮ በኩል ለማምለጥ ሞከሩ። የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ ጄምስ ኩክ ተገደለ፤ ሞሰስ ፓርክስም ተገደለ። ከሃያ በላይ የሚሆኑት ተይዘው በባቡር ሐዲዱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ታጣቂው ዙሪያቸውን ቆመ። ከዚያ እንደ ተማሪ በስም ይጠሩ ጀመር። የተጠራው ይነሣል፣ ትንሽ ፈቀቅ አድርገው ይወስዱታል፣ ተኩስ ይሰማል፣ ቀጣዩ ስም ይጠራል። አለን አታዌይ። ዴቪድ ፊሊፕስ። ሃምፕተን ስቲቨንስ። አልበርት ሚኒያርት። የቀሩትን «ሩጡ» አሏቸውና ከኋላ ተኮሱባቸው።

በማግስቱ ሪቨርስ ሥራውን ሠራ። የአሟሟት መርማሪም እርሱ ስለነበር ምስክር ሰማ፣ ጻፈ፤ የምርመራው ሸንጎም 94 ነጭ ሰዎችን በስም ዘርዝሮ ከሰሰ። የበትለርም ስም አለበት። ከ94ቱ አንዱም ለፍርድ አልቀረበም። በትለር በዓመቱ የአሜሪካ ሴናተር ሆኖ ገባ። ከታጣቂዎቹ አንዱ የነበረው ቤን ቲልማን በ1890 የግዛቱ አገረ ገዥ ሆኖ ተመረጠ፤ በ1895 ደግሞ የራሱን የበትለርን የሴኔት ወንበር ወሰደበት። ስለዚያ ቀን ሲያወራ እየኮራ ነበር፤ ሐውልቱ እስከ ዛሬ በግዛቱ ምክር ቤት ግቢ ቆሟል። በዚያው በ1876 በሴፕቴምበር እዚያው ኤይከን አውራጃ ውስጥ ኤለንተን በምትባል ቦታ በብዙ አሥሮች የሚቆጠሩ ጥቁሮች ተገደሉ። እርሱን በሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ፤ ለአንድ ቀን ይህ ይበቃል። ዳኛው ሹመቱ ሲቀር ወደ ሠረገላ ነጂነቱ ተመልሶ በ1887 ሞተ።

ከተማዋን በ1929 ጎርፍ ጨረሳት። ከላይ ግን፣ ሰሜን ኦገስታ በምትባለው ከተማ መናፈሻ ውስጥ፣ አንድ የድንጋይ ሐውልት አለ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ መኪናዬን አቁሜ ሄድኩ። ዙሪያውን ሣሩ ታጭዷል፤ አንዲት ሴት ውሻዋን ይዛ አልፋ ሰላም አለችኝ። የተቀረጸውን ፊደል በጣቴ ተከትዬ አነበብኩት። በ1916 የተተከለው ለማኪ ሜሪዌዘር ብቻ ነው፤ ለነጮች የበላይነት እንደ ሞተ ጀግና ያወድሰዋል። እርሱም የሰው ልጅ ነው፤ እናቱ አልቅሳለታለች፤ ይህን አልክድም። የስድስቱ ስም ግን ድንጋይ ላይ እስኪወጣ ከዚያ በኋላ 100 ዓመት ፈጅቷል፤ በ2016 ነው የቆመላቸው።

አባቴ፣ አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ።

ታናሽ ወንድምዎ በወሰን ጠብ ሲገደል እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር። አልቃሾቹ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስምዎን እየጠሩ «ወንድ የለም ወይ» በሚል ዜማ ሲወጉዎት፣ ጋቢዎን እስከ አፍዎ ስበው ዝም ብለው እንደ ቆሙ አስታውሳለሁ፤ የጋቢውን ጥለት ይዤ ነበር። ዳኛ ስለሆኑ ጠብመንጃ አላነሱም። ሽማግሌ ገባ፣ ካሳ ተቆረጠ፣ ደሙ ደረቀ። ለእኛም የገዳዩን ስም በቤትዎ ማንም እንዳይጠራ ከለከሉ። እኛ ወንዶቹ ደም መላሽ ሆነን እንዳናድግ ነው፤ አንዳችንም አልሆንንም። ስለዚህ አመሰግንዎታለሁ፤ ከዚህ በፊት ብዬዎት አላውቅም።

ነገር ግን የገዳዩ ስም ሲከለከል የአጎቴም ስም አብሮ ጠፋ። እርሱን ያነሳ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ስለሚፈራ ዝም ይላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን በማዕድ ላይ ሲነሳ አልሰማሁም። የማላውቃቸውን የስድስት ሰዎች ስም በቃሌ ይዤ፣ የገዛ አጎቴ በሬዎች ምን ይባሉ እንደነበር አላውቅም።

የገዳዩን ስም አልጠይቅዎትም፤ እርሱ ከእርስዎ ጋር ይቅር። የምጠይቅዎት የአጎቴን ነው። ቁመቱ ምን ያህል ነበር? ሲያርስ ያዜም ነበር? ቁጡ ነበር ወይስ እንደ እርስዎ ዝምተኛ? ያቺ የፈለጋት ልጅ ማን ነበረች፤ እናቴ አንድ ጊዜ ጀምራ ያቋረጠችውን ነው የምለው። ሲደክምዎ ይተዉት፤ በሌላ ቀን ይቀጥሉ።

የመድኃኒቱን ገንዘብ ከደብዳቤው ጋር ልኬያለሁ፤ አዲሱን መነጽር የሚያመጣልዎት ሰው ለፋሲካ ይመጣል። አንተ ልጅ፣ አያትህ የሸንጎውን ነገር የሚጽፉበት ወፍራም መዝገብ ከአልጋው ሥር በሣጥን ውስጥ አለ። ከበስተኋላው ያልተጻፈበት ብዙ ገጽ ቀርቷል። አውጣውና አጠገባቸው ተቀመጥ።

ልጅዎ፣ ከኦገስታ