ካስት አድርጎ መገላገል የለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ስለ ጃቫ፣ ስለ ፕሮግራም መጻፊያው ቋንቋ፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ግሩም ነው። ሊስትን (ርዝመቱ የሚለዋወጥ ዝርዝርን) ወደ አሬይ (ርዝመቱ ቋሚ ወደሆነ ድርድር) ስለ መለወጥ የሰጣችኋት አንዷ ምክር ግን አላስቀመጠችኝም፦ «ሊስቱ ላይ ቱአሬይን ጥሩ፣ ውጤቱን ወደ ስትሪንግ አሬይ ካስት አድርጉ፣ አለቀ።» አላለቀም! (ቱአሬይ ሊስቱን ወደ አሬይ የሚገለብጥ ትእዛዝ ነው፤ ስትሪንግ ጽሑፍ ነው፤ ካስት ማድረግ ደግሞ «ይህ የዚህ ዓይነት ነው» ብሎ ለኮምፓይለሩ፣ ኮዱን ለሚተረጉመው ፕሮግራም፣ መንገር ነው።) እኔ በዚህችው መስመር ሁለት ሌሊት አፍጥጬ አድሬያለሁ።

ቅንፉን ባዶ አድርገን ስንጠራው ቱአሬይ የሚመልሰው የኦብጀክት (ማንኛውንም ዓይነት ነገር የሚይዝ) አሬይ ነው። ጄኔሪክስ፣ ማለትም ሊስቱ የምን ሊስት እንደሆነ ኮዱ ላይ የመግለጫው ስልት፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ከጃቫ 5 ጋር ሲመጣ፣ ከድሮው ኮድ ጋር እንዲስማማ ተብሎ፣ የዓይነቱ መረጃ ኮምፓይል ሲደረግ እንዲጠፋ ተደረገ። ስለዚህ ፕሮግራሙን ራን ስናደርግ (ስናስኬደው) ሊስቱ የምን ሊስት እንደሆነ አያውቅም። ውስጡ ያለው ሁሉ ስትሪንግ ቢሆንም አሬዩ ራሱ የኦብጀክት ነው። ኮምፓይለሩ ካስታችንን አምኖ ዝም ይላል። ጉዱ የሚፈላው ራን ሲደረግ ነው፤ ክላስ ካስት ኤክሴፕሽን፣ ማለትም «ዓይነቱ አልገጠመም» የሚል ስህተት፣ ይመጣል።

የእኔማ የባሰ ነበር። ሊስቴን የሠራሁት አሬይስ በሚባለው የጃቫ ክላስ ውስጥ ባለው፣ አሬይን እንደ ሊስት በሚያቀርበው አስሊስት ነው። በጃቫ 8 ካስቱ ለዓመታት ያለ ኮሽታ ሠራ። ወደ ጃቫ 11 በተሻገርን ማግስት ፕሮግራሙ ተዘረጋ። ኮዱን ደግሞ ማንም አልነካውም። ለካ ያ ሊስት ቱአሬይ ሲባል፣ ሰነዱ ከሚለው ውጭ፣ የስትሪንግ አሬይ ይመልስ ኖሯል። ጃቫ 9 ላይ ይህ ስህተት ታረመ፤ የእኔ ተጋለጠ።

መላው ቀላል ነው። ቅንፉ ውስጥ ርዝመቱ ዜሮ የሆነ የስትሪንግ አሬይ አቀብሉት። ዓይነቱን ከዚያ አይቶ በልኩ አዲስ ይሠራል፤ ካስት የሚባል ነገር የለም። ከሊስቱ የሚበልጥ አሬይ ከሰጣችሁት ግን ያንኑ ይሞላና ከመጨረሻው ቀጥሎ ነል (ምንም የለም የሚል ምልክት) ያስቀምጣል። ከጃቫ 11 ወዲህ የአሬዩን ኮንስትራክተር ሪፈረንስ (አሬዩ እንዴት እንደሚሠራ የሚጠቁመውን) መስጠትም ይቻላል፤ እኔ እሱን እወዳለሁ።

ይህም ቢሆን ዓይን ይፈልጋል። ለስትሪንግ ሊስት በስህተት የኢንቲጀር (የሙሉ ቁጥር) አሬይ ብታቀብሉት ኮምፓይለሩ አሁንም ዝም ነው። ራን ሲደረግ አሬይ ስቶር ኤክሴፕሽን («ይህ ዓይነት እዚህ አሬይ ውስጥ አይገባም» የሚል ስህተት) ይመጣል። የኢንቲጀር ሊስትን ወደ ተራው፣ ቁጥሩን በቀጥታ ወደሚይዘው፣ የኢንት አሬይ ለመለወጥ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው፤ የሊስቱን አባላት ተራ በተራ በሚያሳልፈው ስትሪም፣ እያንዳንዱን ወደ ኢንት በሚለውጠው ማፕቱኢንት በኩል።

ጀማሪዎች ያቺን መስመር እንዳለች ሳይገለብጧት፣ በሚቀጥለው ዕትም እርማት ብታወጡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዓምዳችሁ የዘወትር አንባቢ፣ ፕሮግራመር