ኤሲውን ከመግዛትህ በፊት

ሰላም ልጄ፣ እንዴት ከረምክ? የድሬ ሙቀት እንዴት አደረገህ? እኛ ሐረር ላይ ማታ ማታ ጋቢ ደርበን ነው የምናመሸው፣ እንዳትቀና።

የቤቱን ፎቶ አየሁት፣ ያምራል። ግን በየክፍሉ ኤሲ ላስገባ፣ ፓነሉንም አስነቅዬ ብሎኬት ላስገንባ ስትል ደነገጥኩ። አቦ ተረጋጋ! ፓነል ማለት ሁለት ስስ ላሜራ፣ መሃሉ ፎም ነው። የተጎዳው ብቻ ተፈትቶ ይቀየራል። ደህናውን ነቅሎ ጥሎ እንደገና ሲሚንቶ መግዛት ምን የሚሉት ነው?

እኔ ያደግኩበት የድሬው ከዚራ ሰፈር ቤት ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ስለነበር ሙቀቱ ወደ ውስጥ እስኪዘልቅ ፀሐይዋ ትጠልቃለች። ያንተው ግን ፀሐይ እንዳረፈችበት ይግላል፣ ሲመሽ ደግሞ ቶሎ ይበርዳል። ስለዚህ ጥላ ነው የሚያስፈልገው።

ከጣሪያው ጀምር። ድሬ ላይ እኩለ ቀን ፀሐይዋ አናት ላይ ነው የምትቆመው፣ ዋናውን የሚቀበለው እሱ ነው። ያንን ሰማያዊ ቀለም ነጭ አስቀባው፣ አቧራ ሲይዘውም አሳጥበው። አቅም ሲኖርህ ደግሞ በላዩ ሌላ የቆርቆሮ ጥላ አሠራ፤ ከታችኛው አንድ ሁለት ስንዝር ከፍ ይበልና ዳርና ዳሩ ክፍት ይሁን፣ የጋለው አየር እንዲወጣ። ጥላውን የሚሸከመው ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነው ብረት) ከቤቱ የብረት ምሰሶ ጋር ይታሰር እንጂ ፓነሉ ላይ እንዳይጫን።

ብየዳው ግን እዚያው ጣሪያው ላይ እንዳይሆን! ብልጭታ ፎሙን ያቀጣጥለዋል፣ ጭሱም መርዝ ነው። ውጭ በይደው ያምጡና በብሎን ይሰሩት። ግድግዳው ውስጥ ቱቦ ሳይለብስ የተቀበረ የመብራት ገመድ ካለም ዛሬ ነገ ሳትል አስተካክለው፣ ከሁሉም የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ፓነሉ የተቆረጠበት ጠርዝ ዝገት ይጀምረዋል፣ አንቲረስት፣ ያ ዝገት የሚከላከለው ቀለም፣ ይቀባ። ጎማቸው የደረቀ የጣሪያ ብሎኖችም ይቀየሩ። ድሬ ዝናቡ ብዙ ባይሆንም ሲመጣ አያያዙን ታውቀዋለህ።

የከሰዓቷ ፀሐይ የምትመታው ግድግዳ በኩል ኒም ትከል። ውሃ ብዙ አይፈልግም፣ ከግድግዳው ግን ራቅ ይበል። እስኪያድግ ድረስ ሰሌን ዘርጋ። መስኮቶቹን ቀን ዘግተህ ማታ ወዲህና ወዲያ ክፈታቸው፣ ወንፊት ሳታስገጥም ግን አይሆንም። አሸንዳውን ወደ በርሜል ካዞርከውም ክዳኑን ግጠምለት፤ በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ፣ ያ በትንኝ የሚተላለፈው ትኩሳት፣ ድሬን እንዴት እንዳስተኛት ረሳኸው እንዴ? በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው እንዲህ ባለ የተጠራቀመ ውሃ ላይ ነው።

ኤሲውን እስከ ግንቦት አቆየው። ያኔም ካልቻልክ ለመኝታ ቤቱ አንድ ግዛ፣ ሳሎኑን ቬንትሌተር ይበቃዋል። የቱቦላሬውን ዋጋ ጠይቀህ ደውልልኝ፣ አጎትህ የሚያውቀው በያጅ አለ።

እናትህ