የማያምም እብጠት ለምን እንደሚያሳስበኝ

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትህ? የኩላሊት ንቅለ ተከላው ከተደረገልህ ወዲህ ደብዳቤ ሳንጻጻፍ ረጅም ጊዜ አልፏል። ዛሬ የምጽፍልህ መርክል ሴል ካርሲኖማ ስለሚባለው የቆዳ ካንሰር ሳነብ ሐሳቤ አንተ ላይ ስላረፈ ነው።

ካንሰሩ በጣም ጥቂት ሰዎችን የሚይዝ ቢሆንም በፍጥነት ያድጋል፤ ወደ ንፍፊትም ቶሎ ይዛመታል። እ.ኤ.አ. በ2008 ተመራማሪዎቹ ዩዋን ቻንግና ፓትሪክ ሙር ከባልደረቦቻቸው ጋር በካንሰሩ ዕጢ ውስጥ አንድ አዲስ ቫይረስ አገኙ፤ ዛሬ ከአሥር ዕጢዎች በስምንቱ ያህል ውስጥ እንደሚገኝ ይታወቃል። እኔን ያስገረመኝ ግን አብዛኞቹ አዋቂዎች ይህንኑ ቫይረስ ምንም ሳይሰማቸው በቆዳቸው ላይ ይዘውት መኖራቸው ነው። ስለዚህ ቫይረሱ ብቻውን አያሳምምም፤ የቫይረሱ ዘረ መል (ዲ ኤን ኤ) በአንድ ሴል ዘረ መል ውስጥ ተሰክቶ ሲቀርና የሰውነት መከላከያም ያንን ሴል ሳያጠፋው ሲቀር ነው አደጋው የሚጀምረው። ቫይረሱ በሌለባቸው ዕጢዎች ደግሞ ለዓመታት የተጠራቀመው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ጉዳት ዋናው ምክንያት ነው።

ዕድሜም ይጨመርበታል፤ አብዛኞቹ ታማሚዎች ከ50 ዓመት በላይ ናቸው። ነጣ ያለ ቆዳ ያላቸው ይበልጥ ይጋለጣሉ፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ግን ሙሉ ዋስትና አይሰጥም። ኤች አይ ቪ ወይም አንዳንድ የደም ካንሰር ያለባቸው፣ እንዲሁም እንደ አንተ የተተከለ አካል እንዳይገፋባቸው መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ከሌላው የበለጠ ሥጋት አለባቸው። ይህን ስትሰማ መድኃኒቱን በራስህ ፈቃድ እንዳትቀንስ አደራ እልሃለሁ፤ ኩላሊትህን የያዘልህ እርሱ ነው፤ ካንሰሩም በንቅለ ተከላ ታካሚዎች ዘንድ እንኳ ብርቅ ነው።

ከሁሉ አብልጦ የሚያሳስበኝ እብጠቱ አለማመሙ ነው። ብዙ ጊዜ ፊት፣ አንገት ወይም ክንድ ላይ ቀላ ወይም ወይን ጠጅ መሰል ሆኖ ይወጣል፤ ሲነኩት ጠንከር ይላል፤ ስለማያምም ሰውም ሐኪምም እንደ ተራ እባጭ ያልፈዋል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲያድግ ያየኸው እብጠት ካለ፣ ባያምህም ናሙና እንዲወሰድልህ ጠይቅ። ክትትል ወደምታደርግበት ሐኪም ስትሄድም መላ ቆዳህ በዓመት ስንት ጊዜ መመርመር እንዳለበት ጠይቀውና መልሱን ጻፍልኝ።

አክባሪ ወንድምህ