«ቀልድ እኮ ነው እማዬ» ላልከኝ

የኔ ጌታ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እህትህ ፈተና ላይ ናት። ቤቱም እንደምታውቀው ነው፤ ቅዳሜና እሑድ መቀመጫ ይጠፋል፣ ሰኞ ሰኞ ዝንብ ነው የምናስተናግደው።

ሐሙስ የነገርከኝ ነገር ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ። ግቢ አጠገብ ካለው ዲኤስቲቪ ቤት የፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር እያያችሁ፣ ጥቁሩ ነጂ ሃሚልተን ተሳስቶ ከመንገዱ ሲወጣ አንዱ ጓደኛችሁ «ይሄ ባርያ!» አለ፣ እናንተም ሳቃችሁ፣ ያ የዶርምህ ልጅ፣ የጋምቤላው፣ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አብሯችሁ አያይም። አንተ ደግሞ «ቀልድ እኮ ነው እማዬ፣ እሱ ነው ያካበደው፤ ስፖርቱን ብቻ ብናይ ምናለ» አልከኝ። በስልክ ላለመጨቃጨቅ ብዬ ዋጥኩት። አሁን ግን ልጻፈው።

ስፖርቱን ብቻ እንይ የሚለው ማን እንደሆነ ልብ ብለህ ታውቃለህ? ያልተሰደበው ነው።

እኔ ይህን ውድድር ያወቅኩት በአንተ ነው። ሃይስኩል እያለህ እሑድ 10 ሰዓት ሲል ሪሞቱን ትይዝና ኳስ ከሚያዩ ደንበኞቼ ጋር ትጣላ ነበር። በኋላ እነሱም ለመዱት፣ እኔም ለመድኩት። አሁን ቡና እየቆላሁ ማን ስንቴ ጎማ እንደቀየረ እቆጥራለሁ። ስለዚህ «አይገባሽም» እንዳትለኝ። የማላውቀውን ደግሞ እህትህ እየፈለገች አንብባልኛለች። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።

የሬድቡሉ ነጂ የቬርስታፐን ደጋፊ መሆን መብትህ ነው። ሃሚልተን ላይ ውረድበት። «አርጅቷል፣ ይብቃው» በል። በ2021 እንግሊዝ ውስጥ፣ ሲልቨርስቶን ላይ ቬርስታፐንን ገጭቶት፣ ልጁ ሆስፒታል ሄዶ፣ እሱ 10 ሰከንድ ብቻ ተቀጥቶ ማሸነፉ ካናደደህ ተናደድ፤ እኔም ቅጣቱ አንሷል ባይ ነኝ። ግን የዚያን ማታ ሰው ስለ ቅጣቱ ብቻ አልነበረም የሚጽፈው። የጦጣ ሥዕልና የቆዳ ስድብ ነበር የሚለጠፈው፤ ፎርሙላ ዋን፣ የስፖርቱ የበላይ አካል ኤፍአይኤና የያኔው የሃሚልተን ቡድን መርሴዲስ አንድ ላይ መግለጫ እስኪያወጡ ድረስ። ሬድቡል እንኳ፣ የራሱ ልጅ ተገጭቶ እያለ፣ ስድቡን አወገዘ። እነሱ በዚያ ንዴት ውስጥ ሆነው ሁለቱን ነገር መለየት አላቃታቸውም። አንተ ሻይ ይዘህ ወንበር ላይ ተቀምጠህ እንዴት ያቅትሃል?

ጣልያኖቹን ተመልከት። ሃሚልተን መርሴዲስ እየነዳ የእነሱን ፌራሪ ሲያሸንፍ፣ ሞንዛ በሚባለው ሜዳቸው ይጮኹበት ነበር። በ2025 የፌራሪን ቀይ ለብሶ ሲመጣ ያው ሕዝብ ስሙን እየጠራ አበደለት። ይሄ ደጋፊነት ነው፣ ምንም አልልም። (ፒያሳችንን የሠሩት ጣልያኖች በ1937 የእነሱ ሰው ከሐበሻ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር ሕግ ያወጡ ናቸው። ቅድመ አያትህ ይህን የሞንዛ ጩኸት ቢሰማ ምን ይል እንደነበር እንጃ።)

አሁን ደግሞ ባርሴሎናን እይ። በ2007 ሃሚልተንና አሎንሶ ማክላረን ውስጥ አብረው ነድተው ተቃቃሩ። ስፔኖች ለአገራቸው ልጅ ተቆረቆሩ፤ ደግ። በ2008 መጀመሪያ ሃሚልተን ለሙከራ ባርሴሎና ሲሄድ ግን አንዳንዶቹ ፊታቸውን ጥቁር ቀብተው፣ የውሸት ጸጉር አጥልቀው፣ «የሃሚልተን ቤተሰብ» የሚል ካናቴራ ለብሰው መጡ። ለእነሱ ቀልድ ነበር። ቤተሰቡ ምን አደረጋቸው? ከአሎንሶ ጋር የተፎካከረው አንድ ሰው ነው፤ የተሰደበው ግን እናቱም አባቱም አያቱም ናቸው። የጋምቤላው ልጅ ሻዩን ትቶ የወጣው ለዚሁ ነው። ሃሚልተንማ ሞናኮ ተቀምጧል፣ የእናንተን ሳቅ አይሰማም። የሰማው እሱ ነው።

እህትህ ካነበበችልኝ ሁሉ እንቅልፍ የነሣኝ ግን የአንድ አሜሪካዊ ታሪክ ነው። ዌንደል ስኮት ይባላል። መካኒክ ነው፤ መኪናውን ራሱ ፈትቶ ራሱ እየገጠመ፣ ልጆቹን ረዳት አድርጎ የሚወዳደር። በታኅሣሥ 1963 ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ጃክሰንቪል በሚባል ከተማ፣ ናስካር በሚባለው የአሜሪካ የመኪና ውድድር ከፍተኛ ደረጃ ሁሉንም በሁለት ዙር ቀድሞ ጨረሰ። የማብቂያውን ባንዲራ ግን አላውለበለቡለትም። ዋንጫውን ለሌላ ሰው፣ ለነጭ ሰጡት። ሕዝቡም አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ተበተነ። ከሰዓታት በኋላ፣ ሰው ከሄደ በኋላ፣ «ቆጠራ ተሳስተን ነው፣ አሸናፊው አንተ ነህ» አሉት። አሸናፊውን ጉንጩን የምትስም ነጭ ኮረዳ ትቀርብ ነበርና፣ ያ በተመልካቹ ፊት እንዳይታይ ብለው ነው የሚል እምነት ነበረው። በ1990 ሞተ። ዋንጫው ለቤተሰቡ የተሰጠው በ2021 ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመት!

እኔ አዘጋጆቹን አይደለም የማስበው። የማስበው ተመልካቹን ነው። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል የቱ መኪና እንደቀደመ ያየ ጠፋ? ዙር የሚቆጥር ጠፋ? ያየ ነበር እንጂ። ግን «ኧረ ተሳስታችኋል» ለማለት ከወንበር መነሣት ነበረበት፣ እቤቱ ደግሞ እራት እየጠበቀው ነው።

ከስኮት ቀጥሎ በዚያ ደረጃ ያሸነፈው ጥቁር ባባ ዋላስ ነው፣ እሱም በ2021። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ምን እንዳሳለፈ ታውቃለህ፣ አንተው ነህ የነገርከኝ። ናስካር ለባርነት የተዋጉትን የደቡብ ግዛቶች ባንዲራ ከሜዳው ከለከለ፣ ብዙ ተመልካች አኮረፈ፣ ታላዴጋ በሚባለው ሜዳ ላይ አውሮፕላን ተከራይቶ ባንዲራውን በሰማይ ያስጎተተ ሁሉ ነበር። ከዚያ በዋላስ ጋራዥ የማነቂያ ቋጠሮ ያለው ገመድ ተገኘ። ኤፍቢአይ መረመረና ገመዱ ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ የነበረ የበር መጎተቻ ነው፣ እሱን ብሎ የሰቀለ የለም አለ። ጥሩ፣ እሰየው። ግን ስድቡ የወረደው በማን ላይ ነው? በዋላስ ላይ! ውሸታም ተባለ። ገመዱን ያየው የቡድኑ ሠራተኛ፣ ለሕዝብ የተናገረው ናስካር፣ ውሸታሙ ግን እሱ። እንዲህ ያለውን ነገር ስታይ ያ ልጅ ለምን ዝም ብሎ እንደወጣ፣ ለምን እንዳልተከራከራችሁ ይገባሃል። ቢናገር «አካበደ» ልትሉት ነው። ሳይናገርም ብላችሁታል።

እኔ እንግዲህ ነገሩን የማየው በባለቤት ዓይን ነው፣ ቢራ የምሸጥ ሴት ነኝ። በ2022 ኦስትሪያ ላይ ተመልካቾች በዘራቸው መሰደባቸውን፣ ሴቶች መተንኮሳቸውን ተናገሩ፣ ፎርሙላ ዋንም ይህ ተቀባይነት የለውም አለ። መግለጫ ጥሩ ነው። ግን ትኬቱንም ቢራውንም የሸጥከው አንተ ከሆንክ፣ ጨዋታው ሳያልቅ ነው ሰውዬውን ማስወጣት ያለብህ። በ2020 በመጀመሪያው ውድድር ላይ ከነጂዎቹ 14ቱ ዘረኝነትን ለመቃወም ተንበረከኩ፣ 6ቱ ቆመው ቀሩ፣ ሰው ሁሉ ያን ሰሞን ማን ተንበረከከ ማን ቆመ ሲል ከረመ። እኔ በዚህ አልገባም፣ እኔ ዘንድ ሰው የሚንበረከከው ለታቦት ነው። የቆመውም ልቡ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ ካሜራው የማያየው የወንበሩ ሠፈር ነው።

ይህን አልነገርኩህም መሰለኝ። ዘንድሮ ክረምት አንድ እሑድ፣ ቤቱ ጢም ብሎ፣ ያ በር አጠገብ የሚቀመጠው ደንበኛዬ፣ ታውቀዋለህ፣ አምስተኛ ዳሽኑን ይዞ ያንተ ጓደኛ ያለውን ቃል በቃል አለ። ጥግ ላይ ከመተማ የመጣ የአይሱዙ ረዳት ተቀምጧል፣ የጉሙዝ ልጅ ነው፣ ክትፎ አዝዞ ገና መጉረሱ ነበር። ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። ቀና አላለም። ሳህኑን ብቻ እያየ እንጀራውን በጣቱ ያደቀው ጀመር። እኔ ጮኼ አልተናገርኩም። ሄጄ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። ቤቱ ሁሉ «ምነው!» አለ፤ አምስት ዙር ነው የቀረው። «ሒሳቡን ይክፈልና ይውጣ፣ ከዚያ እከፍተዋለሁ» አልኩ። እመነኝ፣ ሰው የተቆጣው በእኔ ነው። «ቀልዶ እኮ ነው እትዬ፣ ምን አከረርሽው» ያለኝ ስንቱ መሰለህ። ሰውዬው ከፍሎ ወጣ፣ እስካሁንም አልተመለሰም፤ ጎረቤት ሄዶ ይጠጣል። በወር ስንት ካሳ ቢራ ያነሣ እንደነበር ታውቃለህ፣ ኪሳራው ይቆረቁራል፣ አልዋሽህም። ረዳቱ ግን አሁንም ጎንደር በገባ ቁጥር እኛ ጋ ይበላል።

እዚህ አገር ይህ ነገር የፈረንጅ ነው የሚሉ አሉ። እኔ በጆሮዬ የሰማሁትን ልንገርህ። ልጅ ሳለሁ የወለቃ ቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች ገበያ ሲመጡ አያቴ ሕፃን ትሸፍን ነበር፣ ቡዳ ናቸው ብላ። ጀበናውን ግን ከእነሱው ትገዛለች፣ ያውም ተከራክራ። እነዚያ ሴቶች ብዙዎቹ እስራኤል ገቡ። ኳስ ሜዳ ስትሄድስ የምንሰማው ስድብ ምን ይመስላል? ይሄን አልዘረዝርልህም፣ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ።

ሌላም ነገር አለ፣ ይሄ ደግሞ ለራስህ ነው። በ2021 ሃሚልተን ከእንግሊዝ የኢንጂነሮች አካዳሚ ጋር ሆኖ ያስጠናው ጥናት ወጥቶ ነበር፤ ፎርሙላ ዋን ውስጥ ከሚሠራው ሰው ጥቁሩ ከመቶ አንድ ያህል ነው ይላል። ነጂው ብቻ አይደለም፣ መካኒኩ፣ ኢንጂነሩ፣ ሁሉም። ቡድኖቹ ሰው የሚቀጥሩት ከጥቂት ታዋቂ ዩኒቨርሲቲዎች መሆኑም አንዱ ምክንያት ነው ተብሏል። አንተ ሜካኒካል የምታጠናው ለምንድነው? ፒት ውስጥ ቁልፍ ይዤ እቆማለሁ ብለህ አይደል ያኔ ደብተርህን በመኪና ሥዕል የጨረስከው? ከእኔ ቤት ወጥተህ እዚያ ብትደርስ፣ ከወንበሩ ላይ «ባርያ» ብሎ የሚጮኸው ሰው አንተንና የጋምቤላውን ልጅ የሚለያችሁ ይመስልሃል? አይለያችሁም፤ ለእሱ አንድ ናችሁ። ይህን ስልህ ግን ነገ አንተን ስለሚነካህ ብቻ ተቆጣ ማለቴ አይደለም። ባይነካህም ያው ነው።

«ምን ማለት ነበረብኝ» ብለህ ነበር። ብዙ አይደለም። «ተው» ነው። ሳትስቅ። ልጁ ጓደኛህ ነው፣ አትደባደበው፣ ስብከትም አታብዛበት፣ ግን ሰው እየሰማ በል፤ ጠጋ ብለህ በጆሮው ከነገርከው የጋምቤላው ልጅ አይሰማውማ። ከዚያ ስለ ሃሚልተን አነዳድ የፈለጋችሁትን ተጨቃጨቁ።

ዛሬ ማታ ዶርም ስትገባ ልጁን አናግረው። «አስቀይመንህ ከሆነ» ብለህ እንዳትጀምር፤ «ከሆነ» የለበትም። ላያናግርህ ይችላል፣ አትጫነው። እሑድ ግን ከውድድሩ በፊት ሄደህ ና እንሂድ በለው፣ እምቢ ካለ አንተም እዚያ ቤት አትግባ፤ አንድ እሑድ ሳታይ ብትውል አትሞትም። በቴሌብር ለካርድም ለሻይም የሚሆን ልኬልሃለሁ፣ ለሁለት ሰው ነው፣ ብቻህን እንዳትጨርሰው። ሰኞ ደውልና ምን እንዳለህ ንገረኝ።

እናትህ
ጎንደር