ደሴት ቀንሺ

ልጄ፣ እንዴት ነሽ?

የላክሽልኝን የጉዞ ዕቅድ አየሁት። ሞምባሳ፣ ላሙ፣ ዋሲኒ፣ ፔምባ፣ ዛንዚባር፣ ማፊያ፣ ኪልዋ። ይሄ ሁሉ በሦስት ሳምንት፣ ያውም ቦርሳ ተሸክሞ! አትሂጂ አልልሽም። መርከብ ላይ ስሠራ ያንን የኬንያና የታንዛኒያ ባሕር ዳርቻ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ አንቺም ብታዪው ደስ ይለኛል። ግን እዚያ ቀን የሚቆርጠው ባሕሩ እንጂ መሥሪያ ቤትሽ አይደለም። ስለዚህ ደሴት ቀንሺ።

መጀመሪያ ነፋሱን ልንገርሽ። እዚያ ዓመቱን የሚካፈሉት ሁለት ነፋሶች ናቸው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ግድም ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ካስካዚ ይባላል። ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ መስከረም ከደቡብ የሚመጣው ደግሞ ኩሲ ነው። የድሮ ነጋዴዎች በካስካዚ ከዓረብና ከሕንድ አገር ይወርዱና ሸቀጣቸውን ሸጠው፣ ኩሲ ሲነሳ ይመለሱ ነበር። ወራት ቁጭ ብለው ነፋስ ይጠብቃሉ። አንቺ የምትሄጂው ነሐሴ ላይ ነው፤ ኩሲ ነው። አየሩ ለኛ ሰው ይመቻል፣ ዝናቡም ያን ያህል አይደለም፤ ባሕሩ ግን ይናወጣል። ማፊያ ሄጄ ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ አያለሁ ያልሽውንም እርሺው። በብዛት የሚታዩት ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ፈቃድሽን ወደ ጥር መግፋት ከቻልሽ ግፊው። ካልቻልሽ ማፊያን ሰርዢ።

ላሙንም ባታካትቺው እመርጣለሁ። ከተማው ቆንጆ ነው፤ ዩኔስኮ በ2001 መዝግቦታል (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ)፤ በጠባብ መንገዶቹ መኪና ሳይሆን አህያ ነው የሚመላለሰው። ችግሩ የየብስ መንገዱ ነው፤ አልሸባብ አውቶቡሶችን ያጠቃበት መስመር ነው። የግድ ካልሽ በፕሌን ሂጂ። በአውቶቡስ እሄዳለሁ ካልሽኝ ግን እንጣላለን።

አሁን ስለ ጀልባ። በ2011 ከዛንዚባር ወደ ፔምባ ይሄድ የነበረ መርከብ ከአቅሙ በላይ ሰው ጭኖ በሌሊት ሰጥሟል። ብዙ ሕዝብ ነው ያለቀው። በዓመቱ ደግሞ ከዳሬሰላም ወደ ዛንዚባር የሚሄድ ሌላ መርከብ ሰጠመ፤ ይሄኛው ሐምሌ ላይ ነበር፣ በኩሲ ወቅት። ይህን የማነሳው ላስፈራራሽ አይደለም። ዛሬ ከዳሬሰላም ዛንዚባር የሚያደርሱት ፈጣን ጀልባዎች ሁለት ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጅባቸው፤ እኔም እሳፈርባቸዋለሁ። ግን በቀን ተጓዢ። ጀልባው ታጭቆ ካየሽ ትኬቱን ብትከፍዪም ውረጂ። ትንሽ ጀልባ ላይ ላይፍ ጃኬቱን ሳያሳዩሽ አትሳፈሪ፤ «አለ፣ አለ» ቢሉሽ አትመኚ፣ በዓይንሽ እዪው። ባለ ሸራውን ዳው መሞከር ካማረሽ ሰው በሚያዘወትረው ቦታ፣ ዳርቻውን ታክኮ ለሚሄድ አጭር ጉዞ ይሁን።

አንድ ነገር ግን ይቀልሻል። ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ነው። ባለ ጀልባው በስዋሂሊ «ጠዋት ሁለት ሰዓት» ካለሽ የኛው ሁለት ሰዓት ነው። ፈረንጆቹ ግራ ሲጋቡ አንቺ ትስቂያለሽ። በእንግሊዝኛ ከነገረሽ ግን ደግመሽ ጠይቂ።

የዛንዚባር ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ አካባቢ፣ ውሃው ሲሸሽ በጣም ርቆ ነው የሚሸሸው። ዋና ብለሽ ሄደሽ አሸዋ ታገኛለሽ። ሴቶቹ ያኔ ወርደው ያለሙትን የባሕር አረም ይሰበስባሉ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት አራት ሜትር ገደማ ይደርሳል። እየተራመድሽ ወደ ኮራሉ ከወጣሽ የሚመለስበትን ሰዓት ከአገሬው ጠይቂ፤ ውሃው ሲመለስ ከኋላሽ ዞሮ ሊቀድምሽ ይችላል። ጫማም አድርጊ፤ የባሕር ጃርት እሾህ እግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ጠዋት ማታ መዋኘት ከፈለግሽ ወደ ሰሜን፣ ኑንግዊና ኬንድዋ ሂጂ።

ከዕቅድሽ ፈጽሞ እንዳትሰርዢ የምለው ኪልዋን ነው። ቱሪስቱ ሁሉ ዛንዚባር ላይ ስለሚቀር እዚያ ወረፋ የለም። የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታ በ1331 ረግጧታል፤ በስተደቡብ ከሶፋላ ወደብ የሚመጣው ወርቅ በሷ በኩል ነበር የሚያልፈው። በ1505 ፖርቱጋሎች መጥተው ዘረፏት። አሁን በኮራል ድንጋይ የተሠራው ታላቁ መስጊድና የቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ነው የቀረው። ከዳሬሰላም በአውቶቡስ ኪልዋ ማሶኮ ድረስ ትሄጂና የመግቢያ ፈቃድ አውጥተሽ በጀልባ ትሻገሪያለሽ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን እንዳትሞክሪው። እደሪ። ባይሆን ለኪልዋ ስትዪ ዋሲኒን ሰርዢ።

ጾሙ አያስጨንቅሽ። ፍልሰታን እዚያ ነሽ፣ ግን ከእኛ ቤት በላይ የጾም ምግብ ሞልቷል። ባቄላ በኮኮናት ወተት፣ ሩዝ በኮኮናት፣ የተጠበሰ ካሳቫ። የሞምባሳ ሰው ቁርሱን ጥራጥሬ በኮኮናት ወተት ሠርቶ ማሃምሪ ከሚባል ብስኩት ጋር ነው የሚበላው። ብስኩቱ ወተት እንዳለው ጠይቂ፤ ከሌለው እኔን እያስታወስሽ ብዪ።

አለባበስ ላይ ምክር አያሻሽም። ሰፈሩ የእስላም ሰፈር ነው፤ ከተማ ስትገቢ ነጠላሽን ጣል አድርጊ። ፌስታልም ይዘሽ እንዳትሄጂ፤ ኬንያም ታንዛኒያም ከልክለውታል።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድሽን ፈልጊ። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው ይጠየቃል፤ ካልተከተብሽ ከጉዞሽ ቢያንስ አሥር ቀን ቀደም ብለሽ ተከተቢ። የወባ መከላከያ ኪኒን ሐኪም ጠይቀሽ ያዢ። የአዲስ አበባ ልጅ ነሽ፤ ሰውነትሽ ወባን አያውቃትም።

አስተካክለሽ መልሰሽ ላኪልኝ። እናትሽ እስካሁን የምታውቀው በአውቶቡስ ዛንዚባር እንደምትደርሺ ነው። የባሕሩን ጉዳይ እኔው እነግራታለሁ፤ አንቺ እንዳትጀምሪው።

አባትሽ